የተፈጥሮ ምግብ ሱፐርማርኬት፤ ለገንዘቡ ያዋጣል?

ሕግ የተማረ ሰው ዘመድ ቤት ሲገባ ዕረፍት የለውም። ወይ የውርስ ክርክር ይነሳበታል፤ ወይ የቆየ የቤት ካርታ ከሣጥን ይወጣለታል። ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ግን ለዳኝነት የቀረበልኝ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ነበር።

ከሳሹ የእህቴ ባለቤት ነው። እራት ተበልቶ ቡና በመፈላት ላይ ሳለ አንድ ክንድ የሚያህል ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። ክሱ በአጭሩ ይህ ነው። እህቴ ካረገዘችበት ጊዜ ጀምሮ የቤቱን አስቤዛ በሙሉ የምትገዛው ከተፈጥሮ ምግብ ሱፐርማርኬት ነው። ልጁ ተወልዶ ዘጠኝ ወር ቢሞላውም ልማዱ አልቀረም። የቤት ዕዳ አለ፤ የሕፃን ማቆያ ክፍያ አለ፤ የመኪና ኢንሹራንስ አለ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእማማም የምንልከው ይኸው ሦስት ወር ተቋረጠ» ሲል ጨመረ።

ስኒዬን አስቀመጥኩ። አዲስ አበባ ላለችው እናታችን በእነዚያ ሦስት ወራት የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ገንዘቡ ለምን እንደቀረ ግን አልጠየቅሁም ነበር።

እህቴም መልስ ሰጠች። «እኔ ለራሴ ጌጥ አልገዛሁም። ልጄን መድኃኒት የተረጨበት ነገር አላበላም ነው ያልኩት» አለችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም እውነት ሲኖራቸው ዳኛ የሚያደርገው የታወቀ ነውና የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቼ ማስረጃ መመርመር ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው። ውጭ አገር ለሚኖሩ ብቻ ሳይሆን እዚህ በየሱፐርማርኬቱ «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ አይተው ለሚያመነቱ አንባቢያንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዘመዶቼ የሚገበዩበት መደብር ማንነት ለጉዳዩ ለውጥ ስለማያመጣ አልጠቅሰውም። በምሳሌነት የማነሳው በዘርፉ ስሙ የገነነውንና ታሪኩ በአደባባይ የተጻፈውን ሆል ፉድስ ማርኬትን ነው። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። በ1978 ጆን ማኪና ሬኔ ሎሰን ሃርዲ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከቤተሰብና ከወዳጅ 45 ሺሕ ዶላር ተበድረው በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ከተማ ውስጥ አንዲት የተፈጥሮ ምግብ መደብር ከፈቱ። ስሟንም በታላቁ ሴፍዌይ ሱፐርማርኬት ላይ ለማሾፍ ሲሉ «ሴፈርዌይ» አሏት። ሸቀጥ በተከራዩት ቤት ውስጥ በማከማቸታቸው አከራያቸው ሲያስወጣቸው እዚያው መደብሩ ውስጥ ማደር ጀመሩ። በ1980 ከሌላ የከተማው የተፈጥሮ ምግብ መደብር ጋር ተዋሕደው ሆል ፉድስ ማርኬትን በ19 ሠራተኞች ከፈቱ።

ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በግንቦት 1981፣ ኦስቲንን ያጥለቀለቀው ጎርፍ መደብሩን ጠራርጎ ወሰደው። ጉዳቱ ወደ 400 ሺሕ ዶላር ነበር፤ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ደንበኞችና ጎረቤቶች እየመጡ ጭቃውን በመጥረግ ረዷቸው፤ መደብሩም ከ28 ቀን በኋላ እንደገና ተከፈተ። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለው መደብር ከደንበኛው ጋር ያለው ግንኙነት ከመነሻው ከሻጭና ከገዢ ግንኙነት በላይ እንደነበር ያሳያል። ወደ ኋላ እንደምናየው ለዋጋው መናር አንደኛው ምክንያት ይኸው ፍቅር ነው።

ኩባንያው ሌሎችን እየገዛ አደገ። በነሐሴ 2017 ደግሞ ራሱ በአማዞን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። አማዞን በተረከበበት ዕለት የሙዝ፣ የአቮካዶ፣ የእንቁላልና የሌሎች ጥቂት ሸቀጦችን ዋጋ ቀነሰ። ዛሬ ከ500 በላይ መደብሮች አሉት። አሜሪካኖች ግን ከጥንት ጀምሮ በስሙ እየቀለዱ «ሆል ፔይቼክ» ይሉታል፤ ደመወዝን ጠቅልሎ የሚወስድ ማለታቸው ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንደሚባለው ከሆነ የእህቴ ባለቤት ብቻውን አይደለም።

ማኅተሙና ቃሉ

በምርመራዬ መጀመሪያ ያገኘሁትና ከሁሉም የሚበልጠው ነጥብ የሕግ ነጥብ ነው። በእነዚህ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ኦርጋኒክ» ሲሆን ሁለተኛው «ተፈጥሯዊ» ነው። ለገዢው አንድ ይመስላሉ። በሕግ ፊት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

«ኦርጋኒክ» በአሜሪካ የሕግ ቃል ነው። መሠረቱ በ1990 የወጣው የኦርጋኒክ ምግቦች ምርት ሕግ ሲሆን ዝርዝር ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2002 ነው። አንድ ማሳ ምርቱ ኦርጋኒክ ተብሎ እንዲሸጥ ከመከሩ በፊት ለሦስት ዓመት የተከለከሉ ኬሚካሎች ሊነኩት አይገባም። በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያና ዘረመሉ የተለወጠ ዘር ክልክል ነው። ከብቱ የሚበላው መኖም ኦርጋኒክ መሆን አለበት። እውቅና ያለው አካል በየዓመቱ ይመረምራል። በጥቅል ምግብ ላይ የግብርና ሚኒስቴሩ ክብ ማኅተም የሚታተመው ውኃውና ጨው ሳይቆጠሩ ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ ከሆነ ነው። «ከኦርጋኒክ ግብዓቶች የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለበት ደግሞ 70 በመቶ በቂ ሲሆን ማኅተሙን ማተም ግን አይፈቀድለትም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልስ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ቃል በደንብ የተደነገገ ትርጉም የለውም። ያለው ሰው ሠራሽ ነገር አልተጨመረበትም ከሚል ሐሳብ ያላለፈ የቆየ ፖሊሲ ነው። በ2015 ቃሉን እንተርጉመው ወይ ብሎ ከሕዝብ አስተያየት ቢሰበስብም ትርጉም አላወጣም። በሥጋ ላይ የግብርና ሚኒስቴሩ የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ ግብዓት እንዳይገባበትና ብዙ እንዳይቀነባበር ብቻ ነው። እንስሳው ምን በላ፣ የት ኖረ፣ ምን ተወጋ የሚለውን ቃሉ አይመልስም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» እንዳለችው ነው። ስለ እርሻው ስንጠይቀው ስለ ፋብሪካው ይመልስልናል።

ተመሳሳይ ጨዋታ በዶሮ ላይም አለ። «ሆርሞን ያልተሰጠው ዶሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት እሽግ ከጎኑ ካለው ይወደዳል። በአሜሪካ ግን ለዶሮም ሆነ ለአሳማ ሆርሞን መስጠት ድሮውኑ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ለሁሉም ዶሮ እውነት የሆነውን ለአንዱ እንደ ልዩ ማዕረግ ይሰጠዋል።

ማኅተሙም ቢሆን ሌባ አይደፍረውም ማለት አይደለም። በ2019 አንድ የሚዙሪ ገበሬ ተራ እህልን ለዓመታት ኦርጋኒክ ነው እያለ በመሸጡ ከ10 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል። ሽያጩ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን መሰሉን ማጭበርበር ለመግታት ቁጥጥሩን የሚያጠብቅ ደንብ በመጋቢት 2024 ሥራ ላይ ውሏል። እንደ ሕግ ሰው ይህን የማየው በበጎ ነው። የሚታሰርበት ቃል ዋጋ ያለው ቃል ነው። «ተፈጥሯዊ» ብሎ በመጻፉ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ የሚጠብቀው ነጋዴ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በነገራችን ላይ ሕጉ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ እርሻ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998ን አውጥታለች። ብዙ የቡና ገበሬዎቻችን ኬሚካል ሳይጠቀሙ ያመርታሉ። ነገር ግን ውጭ አገር መደርደሪያ ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ ለመሸጥ ያለመርጨት ብቻ አይበቃም፤ መርማሪ መጥቶ፣ መዝገብ አይቶ፣ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። እንደ ኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ያሉ ማኅበራት ይህን ወጪ ለአባሎቻቸው በጋራ ስለሚሸከሙ ነው ኦርጋኒክ ቡና መሸጥ የቻሉት።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ እርሻው ነው። በ2012 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ሰፊ ትንተና የኦርጋኒክ እርሻ ምርት እንደ ሰብሉና እንደ አካባቢው ከ5 እስከ 34 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል። አረም በእጅና በማሽን ይታረማል፤ መኖው ይወደዳል፤ ምርመራውም ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ስንከፍለውም የምናገኘው ነገር አለ።

ሁለተኛው ምንጭ መደብሩ ራሱ ነው። የሚመረጠው ሰፈር ውድ ነው፤ ዓሣ ቆራጩ፣ አይብ ሻጩ፣ ዳቦ ጋጋሪው እዚያው ቆሞ ያስተናግዳል። ሆል ፉድስ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማቅለሚያዎችን፣ ማጣፈጫዎችንና ማቆያዎችን ከመደርደሪያው አግዷል። ጥቅል የሚያበዛ ቤተሰብ የእያንዳንዱን እሽግ ጀርባ በማጉያ መነጽር ከማንበብ ይገላገላል። ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎትም ይከፈልበታል።

ሦስተኛውና ኪስ የሚያራግፈው ግን በሚዛን የሚሸጠው የበሰለ ምግብና የተቆራረጠው ፍራፍሬ ነው። የተላጠ አናናስ ስንገዛ የምንከፍለው ለአናናሱ ሳይሆን ለቢላዋው ነው። የእህቴን ደረሰኝ በመስመር በመስመር ሳየው ያስደነገጠኝ ይህ ክፍል ነበር። ከሥራ ደክሟት ስትመለስ የምታነሳው ሙቅ ምግብ፣ ጭማቂ፣ ኦርጋኒክ ብስኩትና የታሸገ ውኃ ከሕፃኑ ምግብ በብዙ ይበልጥ ነበር። ኦርጋኒክ ስኳር ስኳር ነው፤ ኦርጋኒክ ብስኩትም ብስኩት ነው።

በሚዛን የሚሸጥ ነገር ሌላም ጥንቃቄ ይሻል። በ2015 የኒው ዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሆል ፉድስ መደብሮች ታሽገው በሚሸጡ ምግቦች ላይ የተጻፈው ክብደት ከእውነተኛው እንደሚበልጥ አስታወቀ። የኩባንያው ኃላፊዎች ስህተት መፈጠሩን በቪዲዮ አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት መጨረሻ በ500 ሺሕ ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ከዚህ የምንማረው የትኛውም መደብር፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ደረሰኙ መነበብ እንዳለበት ነው።

ስለ ጤናው ማስረጃው ምን ይላል?

ወደ እህቴ መከላከያ እንምጣ። በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን አገናዝበው ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይዘቱ ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። የፀረ ተባይ ቅሪት የተገኘው ግን ከኦርጋኒኮቹ ናሙናዎች በ7 በመቶው፣ ከመደበኞቹ ደግሞ በ38 በመቶው ነው። መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎችም በኦርጋኒክ የዶሮና የአሳማ ሥጋ ላይ አነስተኛ ነበሩ። በ2014 በብሪታኒያ የሥነ ምግብ መጽሔት የወጣ ሌላ ትንተና ኦርጋኒክ አዝርዕትና አትክልት በፀረ ኦክሲዳንት ከፍ፣ በካድሚየም ደግሞ ዝቅ እንደሚሉ አመልክቷል።

የበሽታው ጥያቄ ግን ገና አልተቋጨም። በ2014 ከ600 ሺሕ በላይ የብሪታኒያ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ኦርጋኒክ የሚመገቡት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በጥቅሉ አነስተኛ ሆኖ አላገኘውም። በ2018 ወደ 69 ሺሕ የሚጠጉ ፈረንሳውያንን ያካተተ ጥናት በአንጻሩ አዘውትረው በሚመገቡት ላይ በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ነገር ግን ኦርጋኒክ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ገቢ ያለው፣ ስፖርት የሚሠራና የማያጨስ በመሆኑ ምክንያቱን ነጥሎ ማውጣት ከባድ ነው። በሕግ ቋንቋ፣ ጥርጣሬ አለ፤ ማረጋገጫ የለም።

ኦርጋኒክ ማለት ምንም አልተረጨበትም ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። እንደ መዳብ ውሕዶች ያሉ የተፈቀዱ ፀረ ተባዮች አሉ። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ከሚመረምራቸው ናሙናዎች፣ መደበኞቹን ጨምሮ፣ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቅሪታቸው በሕግ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ያወጣው ሪፖርት ሚዛናዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኦርጋኒክ ምግብ አነስተኛ የፀረ ተባይ ቅሪት እንዳለው አምኖ፣ ዋናው ነገር ግን ልጆች አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት የተሰባጠረ ምግብ ማግኘታቸው ነው ይላል፤ ኦርጋኒክም ሆነ መደበኛ። ወላጅ በዋጋ ምክንያት የፍራፍሬውን መጠን ከቀነሰ ልጁ ተጎዳ ማለት ነው። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ይህ ነው።

ማኅተሙ ጨርሶ የማይረዳበት ቦታም አለ። ሩዝ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ከአፈርና ከውኃ ይስባል፤ ኦርጋኒክ ሩዝም እንዲሁ። ለዚህ ነው የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2020 ለሕፃናት የሩዝ ገንፎ ጣሪያ ያወጣው። ሐኪሞችም ሩዝ ላይ ብቻ ከመንጠልጠል አጃና ገብስን የመሳሰሉ እህሎችን እያፈራረቁ መስጠትን ይመክራሉ። እህቴን «ጤፍስ?» አልኳት። ለካ ሰፈሯ ባለው የሐበሻ ሱቅ በትልቅ ከረጢት የሚሸጠው በአይዳሆ ግዛት የበቀለ ጤፍ ነው። በተፈጥሮ ምግብ ሱፐርማርኬቱ ደግሞ ጤፍ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ በትንሽ ፓኬት ከእነ ማዕረጉ ተቀምጧል። እናታችን ያሳደገችን በዚሁ እህል ነው፤ ያኔ ማዕረግ አልነበረውም እንጂ።

ፍርድ ቤት የመረመረው ጥያቄ

የእህቴና የባሏ ክርክር በሌላ መልኩ ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ደርሶ እንደነበር ስነግራቸው ሁለቱም ሳቁ። በ2007 ሆል ፉድስ ተወዳዳሪውን ዋይልድ ኦትስን በ565 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲነሣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ውድድርን ይጎዳል ብሎ ከሰሰ። የክርክሩ ማጠንጠኛ አንድ ጥያቄ ነበር። የተፈጥሮ ምግብ ሱፐርማርኬት ራሱን የቻለ ገበያ ነው ወይስ ከማንኛውም ሱፐርማርኬት ጋር የሚወዳደር አንድ መደብር?

ኩባንያው «ደንበኞቻችን ሌላም ቦታ ይገዛሉ፤ ዋጋ ብንጨምር ጥለውን ይሄዳሉ» ብሎ ተከራከረ። የሥር ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። በ2008 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሁለት ለአንድ ድምፅ ለኮሚሽኑ አደላ። ሐሳባቸውን በልዩነት ያሰፈሩት ዳኛ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት አባል የሆኑት ብሬት ካቫና ነበሩ። አብላጫዎቹ ዳኞች ከሰጡት ምክንያት አንዱ የልቤን ነካው። ዋጋ ሲጨመር የሚሄዱ ደንበኞች ቢኖሩም ምንም ቢጨመር የማይሄዱ «የልብ ደንበኞች» ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሕጉ እነሱንም ይጠብቃል የሚል ነበር። በ2009 ኩባንያው 32 መደብሮችንና የዋይልድ ኦትስን ስም ለመሸጥ ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ።

የእኔም ድምዳሜ ከዚህ የመነጨ ነው። ሻጭ ዋጋ የመጨመር ጉልበት የሚያገኘው እግሩ ወደ ሌላ ቤት ከማይሄድ ገዢ ነው። ጎርፍ ሲመታው ጭቃ የሚጠርግ ደንበኛ፣ ዋጋ ሲወጣም ዝም ይላል። እህቴ የከፈለችው ለኦርጋኒክነቱ ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ባለማየቷም ነው። ማኅተሙ ግን የመደብሩ ንብረት አይደለም። ያው የመንግሥት ማኅተም ኮስትኮ፣ ዎልማርት፣ አልዲና ትሬደር ጆስ ባሉ ሸቀጦች ላይም አለ። ሕጉ አንድ ነው፤ መርማሪው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ግድግዳው ነው።

የት እንክፈል፣ የት እንተው?

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ መደብር ያዋጣል ወይ?» ሳይሆን «የትኛው ዕቃ?» የሚለው ነው። ከሳምንት ምርመራ በኋላ የደረስኩበት ዝርዝር የሚከተለው ነው።

ለኦርጋኒክ መክፈል የሚያስኬደው ከነልጣጩ የሚበላና ብዙ ቅሪት የሚገኝበት ነገር ላይ ነው። ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር እንጆሪና ስፒናች ከፊት ረድፍ አይጠፉም፤ ፖም፣ ወይንና ኮክም ይከተላሉ። ዝርዝሩን የሚተቹ ሳይንቲስቶች ቢኖሩም ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ቅደም ተከተል ለማውጣት ይረዳል። ሕፃን ያለበት ቤት አዘውትሮ የሚጠጣው ወተትም እዚህ ሊገባ ይችላል።

መተው የሚቻለው ልጣጩ ወፍራም የሆነውና የሚላጠው ነው፤ አቮካዶ፣ አናናስ፣ ሽንኩርት፣ በቆሎና ሐብሐብ። በሁለቱም ወገን ያለውን በሚወርድ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሳሙና አያስፈልግም።

በተፈጥሮ ምግብ ሱፐርማርኬት መግዛት የሚያዋጣው ደግሞ የመደብሩን የራሱን ስም የያዙ ደረቅ ሸቀጦች ሲሆኑ ነው። ሆል ፉድስ «365» በሚል ስም የሚሸጣቸው ባቄላ፣ ፓስታ፣ ዘይትና የቀዘቀዘ አትክልት ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከሌላው ሱፐርማርኬት ጋር የሚቀራረብ ነው። የአማዞን ፕራይም አባል የሆነ ሰው በቅናሽ ላይ ባሉ ሸቀጦች ተጨማሪ 10 በመቶ ይቀነስለታል። አባል ያልሆነ ለዚህ ብሎ ከመመዝገቡ በፊት የዓመቱን ክፍያ ያስላ።

ጨርሶ የማያዋጣው «ተፈጥሯዊ» በሚል ቃል ብቻ የተወደደው፣ ተቆራርጦ የታሸገው፣ በሚዛን የሚሸጠው የበሰለ ምግብና ኦርጋኒክ የተባለው ጣፋጭ ነው።

ሒሳቡን ለማስላት ሁለት ደረሰኝ ይበቃል። በአንድ ሳምንት የምትገዙትን አሥር ዕቃ በሁለት መደብር በአንድ ዓይነት መለኪያ አነጻጽሩ። ልዩነቱ በሳምንት 40 ዶላር ቢሆን በዓመት 2,080 ዶላር ነው። ከዚያ ያ ገንዘብ ከየት እየተነሣ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከትርፍ የሚነሣ ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም። ከሌላ ሰው ድርሻ የሚነሣ ከሆነ ግን ነገሩ የምግብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ውሳኔ

በቀጠሮው ቀን ውሳኔዬን ራሱ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ተከሳሿ ለልጇ መጨነቋ አግባብ ነው፤ የሕፃኑ ወተት፣ እንጆሪና ቅጠላ ቅጠል ኦርጋኒክ ይሁን። ሁለተኛ፣ የተቀረው አስቤዛ ዋጋው ከሚቀንስበት ይገዛ፤ ማኅተም ያለበት ከተፈለገም ማኅተሙ ሌላ ቦታ አለ። ሦስተኛ፣ ከሳሹ በሳምንት ሁለት ቀን እራት ይሥራ፤ ምክንያቱም ሙቁ ምግብ የሚገዛው ከጥጋብ ሳይሆን ከድካም ነው። ይህ ሲነበብ ከሳሹ ጭንቅላቱን አከከ።

አራተኛውን ለማንበብ ተቸገርኩ። በቤተሰብ ሕጋችን ልጆች ለወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ግን ለእህቴ ሕግ መጥቀስ አልፈለግሁም። «የእማዬ ገንዘብ ደመወዝ የገባ ዕለት ይላክ፤ አስቤዛ የሚገዛው ከዚያ በኋላ በተረፈው ይሁን» ብዬ ብቻ አነበብኩ። እህቴ ሕፃኑን ታቅፋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «መድኃኒቷን ማን ሲገዛላት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እናቴ ደወለችልኝ። «እህትህ ላከችልኝ እኮ፤ ደግሞ ያለፈውንም ጨምራ ነው። ምን አግኝታ ይሆን?» አለችኝ።

«ሒሳብ ሠርታ ነው፣ እማዬ» አልኳት።